ፋይሉ መጠኑም ቀኑም ያው ነው፣ ድምፁ ግን ተበላሽቷል፦ ፋይል ሲስተሙ ራሱ የሚያረጋግጥበት መንገድ አለ?

የካሴት_ሳጥን (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከዘመድና ከጎረቤት የሰበሰብኳቸውን የቆዩ የመንዙማ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር እያስገባሁ ነው። ከጀማ ንጉሥና ከዳና በኩል የመጡ አሉበት። ካዜሙት አዛውንቶች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ካሴቱም እየሻገተ ነው። አንዳንዱን አንዴ ካጫወትኩት በኋላ ደግሜ ማስገባት አልደፍርም።

ቅጂዎቹን በሁለት ሃርድ ዲስክ ይዣለሁ። ሰሞኑን አንዱን ስሰማ መሃል ላይ «ጭርር» የሚል ድምፅ ገብቶበት አገኘሁ። ሁለተኛው ዲስክ ላይ ያለው ያው ፋይል ግን ንጹህ ነው። መጠናቸው እኩል ነው፣ የተቀየሩበት ቀንም አንድ ነው። ኡቡንቱ ነው የምጠቀመው፣ የዲስኮቹ ፋይል ሲስተም (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው) ኢኤክስቲ4 ነው። የፋይል ሲስተም መፈተሻውን ኤፍኤስሲኬን አስኬድኩ፣ ምንም ችግር የለም አለ።

ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። ፋይሉ ሲበላሽ እኔ በጆሮዬ እስካገኘው ከመጠበቅ፣ ሲስተሙ ራሱ በሚያነብበት ሰዓት «ይህ የጻፍከው አይደለም» እንዲለኝ ማድረግ ይቻላል? ሁሉንም ቁጭ ብሎ መስማት አይቻልም።

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ወንድሜ። እንኳን ይህን ሥራ ጀመርክ። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሰርቨር ነው የምጠብቀው፣ ስለዚህ ጉዳዩ የዕለት ሥራዬ ነው።

ኤፍኤስሲኬ የሚያየው መዋቅሩን ብቻ ነው። የትኛው ፋይል የትኞቹን ብሎኮች ይዟል፣ ነጻ ቦታው የቱ ነው፣ ፎልደሮቹ በትክክል ተያይዘዋል ወይ። ይዘቱን አያይም። ኩንታል ቆጥሮ «ልክ ነው» እንደሚል የመጋዘን ጠባቂ ነው፤ እህሉን ነቀዝ ይብላው አይብላው አልከፈተውም። ኢኤክስቲ4 ከ2012 ጀምሮ ለሜታዳታው (ስለ ፋይሎቹ ለሚይዘው መረጃ፣ እንደ ስምና ቦታ) ቼክሰም (ከዳታው ተሰልቶ የሚወጣ፣ ዳታው ሲቀየር የሚለወጥ ማመሳከሪያ ቁጥር) መያዝ ይችላል። ኤክስኤፍኤስም በ2013 ይህንኑ ጨመረ። የአፕል ኤፒኤፍኤስም የሚይዘው ለሜታዳታ ነው። የድምፅህ ባይቶች ግን በሦስቱም ውስጥ ጠባቂ የላቸውም።

ዲስኩ ራሱ በየሴክተሩ ማረሚያ ኮድ አለው። ለተራ የቤት ዲስክ አምራቾች የሚጽፉት ገደብ ከ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ አንድ ስህተት ነው፤ ይህ በ12.5 ቴራባይት አንድ ማለት ነው። ያ ግን ዲስኩ «ማንበብ አቃተኝ» ብሎ የሚናገረው ስህተት ነው። ያንተ ዝም ብሎ ያለፈው ዓይነት ነው። አንድ ቢት ራም ውስጥ ወይም ኮንትሮለር ላይ ከተገለበጠ፣ ዲስኩ ጋ የሚደርሰው የተበላሸው ነው። ዲስኩም ለተበላሸው ዳታ ማረሚያ ኮድ ሠርቶ በጥንቃቄ ያስቀምጥልሃል። በኋላ ስታነበው በሱ በኩል ሁሉም ልክ ነው።

ይህ ተረት አይደለም። የአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን በ2007 በብዙ ማሽኖቹ ላይ አስቀድሞ የሚያውቀውን ዳታ እየጻፈ መልሶ አነበበ። ማንም «ስህተት አለ» ሳይል የተቀየረ ዳታ አገኘ።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)

ይህን ያህል ምን አስጨነቀ? ለሁሉም ፋይል ሻ-256 (እንደ ጣት አሻራ ያለ ረጅም ቼክሰም) አውጥቶ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ማስቀመጥ ነው። በወር አንዴ ማመሳከር። ኡቡንቱ ላይ መሣሪያው አብሮ ይመጣል፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። አለቀ።

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

ሰኞ_ገበያ ያለው ጥሩ ምክር ነው፣ መደረግም አለበት። ግን «አለቀ» የሚለው ላይ አልስማማም። የካሴት_ሳጥን የጠየቀው ሲነበብ እንዲታወቅ ነው። የሻ ዝርዝር የሚናገረው አንተ ባስኬድከው ቀን ብቻ ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል የተበላሸውን ፋይል ከፍተህ፣ ቆርጠህ፣ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠህ፣ ለሰው ልከህ ሊሆን ይችላል። ባክአፕህም የተበላሸውን በንጹሁ ላይ ጽፎት ሊሆን ይችላል። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው፤ ባክአፕ ታማኝ ነው፣ የሰጡትን ነው የሚይዘው።

ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ሲሆን ግን ማንም ፕሮግራም ሊዘለው አይችልም። ማጫወቻውም ሆነ የኮፒ ትእዛዙ ዳታውን የሚያገኙት ከከርነሉ (ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ነው። ከርነሉ ብሎኩን ከዲስክ ያመጣል፣ ቼክሰሙን ያሰላል፣ ካልገጠመ ዳታውን አይሰጥም፤ የንባብ ስህተት ይመልሳል። የተበላሸ ድምፅ ከምትሰማ ምንም አትሰማም። ለማህደር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን የሚሠሩ ሁለት የታወቁ አሉ። ዜድኤፍኤስን ሰን ማይክሮሲስተምስ ሠርቶ በ2005 ኮዱን ክፍት አደረገው። ቢቲአርኤፍኤስ በ2007 ኦራክል ውስጥ ተጀምሮ በ2009 ሊኑክስ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ለይዘቱም ለሜታዳታውም ቼክሰም ይይዛሉ። ብልሃቱ ያለው ቼክሰሙ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ከብሎኩ ጋር አብሮ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ዲስኩ «ጻፍኩ» ብሎ ሳይጽፍ ሲቀር አሮጌው ብሎክ ከአሮጌው ቼክሰሙ ጋር ይገኝና ልክ ይመስላል። ዜድኤፍኤስ ወደ ብሎኩ በሚጠቁመው በወላጅ ብሎኩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቢቲአርኤፍኤስ ደግሞ ለብቻው በተሠራ የቼክሰም ዛፍ ውስጥ። ስለዚህ ያልተጻፈውም ሆነ የተሳሳተ ቦታ ላይ የተጻፈው ይያዛል።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)

የባክአፑን ነገር አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ አንድ ዲስክ ብቻ ያለው ሰውስ? ሁሉም ሰው ሁለት መግዛት አይችልም። ሰኞ ገበያ ላይ የዲስክ ዋጋ ስንት እንደደረሰ ታውቃላችሁ።

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

እውነት ነው፣ ይህ መነገር አለበት። ቼክሰም ማወቂያ ነው፣ ማዳኛ አይደለም። አንድ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ ካለህ ፋይል ሲስተሙ መበላሸቱን ይነግርሃል፣ መልሶ ሊሰጥህ ግን አይችልም። በነዚህ ፋይል ሲስተሞች በሁለት ዲስክ ሬይድ 1 (ያው ዳታ ሁለቱም ዲስክ ላይ ሲጻፍ) ሲሆን ግን አንዱ ቅጂ ሳይገጥም ሲቀር ሁለተኛውን ያነባል። ያ ከገጠመ ላንተ ይሰጥሃል፣ የተበላሸውንም በሱ ያድሰዋል። ቼክሰም የሌለው ተራው ሬይድ 1 ይህን አያደርግም። ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ሲያገኝ እውነተኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቅበት ነገር የለውም።

አንድ ዲስክ ላለው ሰው ፓር2 የሚባል መሣሪያ አለ። ከፋይሎቹ ጎን ተጨማሪ የማረሚያ ፋይል ይሠራል። ለምሳሌ 10 በመቶ ያህል ቦታ ከሰጠኸው፣ እስከዚያ የሚደርስ ጉዳት ሲደርስ መጠገን ይችላል። ዲስኩ ጨርሶ ከሞተ ግን እሱም አብሮ ይሞታል።

ጋሼ_ሪል (ደሴ)

ልጆቼ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። በድምፅ ቀረጻ ነው ያረጀሁት። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህ ልጅ አሁን ያሉትን ፋይሎች ወደ አዲሱ ፋይል ሲስተም ቢገለብጣቸው፣ ቀድሞ የተበላሸው ምን ይሆናል? አዲሱ ሲስተም እንደ ትክክለኛ አይቀበለውም ወይ?

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

ጋሼ፣ ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ። አዎ፣ ይቀበለዋል። ቼክሰም የሚመሰክረው «ከተጻፈ ወዲህ አልተቀየረም» ብሎ ነው። ሲጻፍ ትክክል ነበር ወይ ለሚለው መልስ የለውም። የተበላሸው ፋይል ከገባ በኋላ ስክራብ (ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አንብቦ ከቼክሰሙ ጋር የሚያመሳክረው ፍተሻ) «ሁሉም ንጹህ ነው» ይላል፣ ለዘላለም። ኢኤክስቲ4ን እዚያው በቦታው ወደ ቢቲአርኤፍኤስ የሚቀይር መሣሪያ አለ፤ በሱም ቢሆን ያው ነው።

ስለዚህ የካሴት_ሳጥን፣ ምንም ከማንቀሳቀስህ በፊት የሁለቱንም ዲስክ የሻ-256 ዝርዝር አውጣና አወዳድር። አንድ ዓይነት የሆኑትን ለብቻ አድርግ። የተለያዩትን ብቻ ስማ። እነሱን መስማት ይቻላል፣ ብዙ አይሆኑም።

ጋሼ_ሪል (ደሴ)

ተባረክ። የኔ ልጅ የካሴት_ሳጥን፣ የተለያዩትን ስትሰማ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። ካሴት የራሱ ጩኸት አለው፣ እሱን ብልሽት ነው ብለህ ንጹሁን እንዳትጥል። የካሴት ጩኸት ይመጣል ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ነው። የፋይል ብልሽት ድንገት ይጀምራል፣ ድንገት ይቆማል። ከበሮው ላይ በደንብ ይለያል። ጭብጨባው ላይ ግን ይደበቃል፣ እዚያ ደጋግመህ ስማ።

የካሴት_ሳጥን (ደሴ)

ጋሼ፣ አላህ ያክብርልኝ። እንዳሉት አደርጋለሁ። ቦርከና_ዳር፣ አንድ ነገር ልጨምር፦ ብልሽቱ ለምን እንደመጣ የማወቂያ መንገድ አለ? ቤታችን ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል። እሱ ይሆን?

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

መብራት በጣም ሰበብ ይሆናል፣ ግን ምልክቱ ሌላ ነው። በመጻፍ ላይ እያለ ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የምታየው የተቆረጠ ፋይል ወይም ዜሮ የሞላበት ቦታ ነው። ያንተ ፋይል መጠኑ ሙሉ ነው፣ መሃሉ ላይ ነው የተጎዳው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሙን ነው።

የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86+ን ፍላሽ ላይ ጭነህ ከሱ አስነሳው። ሌሊቱን ሙሉ ይሂድ። ቀይ መስመር ካየህ ራሙ ሄዷል፣ እሱን ሳትቀይር ምንም አትገልብጥ። ቀጥሎ የዲስኩን ስማርት መረጃ (ዲስኩ ስለ ጤናው ራሱ የሚመዘግበውን) አንብብ። ቁጥር 199 ላይ ብዙ ዲስኮች የኬብል ስህተት ይቆጥራሉ። ያ ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ኬብሉን ቀይር፣ ርካሽ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ካለህ ደግሞ ዲስኮቹን በሱ በኩል አድርግ፣ ካሴት ማጫወቻውንም ጭምር።

ፒያሳ_ሞባይል (ደሴ)

እኔ ስልክ ነው የምሠራው፣ ፒያሳ። ይህን ነገር ከስልክ በኩል በደንብ አውቀዋለሁ። ሰዎች ሲስተሙን ነካክተው ያመጡልኛል፣ ሲነሳ «ስልኩ ተበላሽቷል» ዓይነት ማስጠንቀቂያ ያወጣል ወይም ጨርሶ አይነሳም። ይህን የሚያደርገው ዲኤም-ቬሪቲ ነው። አንድሮይድ ከ4.4 ጀምሮ አለው። ከ7.0 ወዲህ ደግሞ የምር ሆነ፤ ሲስተሙ ከተነካ ስልኩ እሺ ብሎ አይነሳም። እዚያው 7.0 ላይ ማረሚያ ኮድ ጨመሩበት፣ ምክንያቱም ሜሞሪው በእርጅና አንድ ቦታ ቢበላሽ ጤነኛ ስልክ ሁሉ ሊዘጋ ነበር። ለመንዙማው ይሄ አይሆንም?

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

ዲኤም-ቬሪቲ ሙሉ ፓርቲሽን (የተከፈለ የዲስክ ክፍል) ላይ ነው የሚሠራው፣ ፓርቲሽኑም ለንባብ ብቻ መሆን አለበት። ከፋይል ሲስተሙ በታች ነው ያለው፣ ስለ ፋይል የሚያውቀው ነገር የለም። በየጊዜው አዲስ ካሴት ለሚያስገባ ሰው አይመችም። ግን ወንድሙ አለ፣ ኤፍኤስ-ቬሪቲ ይባላል። በ2019 ከሊኑክስ 5.4 ጋር ገባ። እሱ ለእያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ነው፣ የሚሠራውም ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ነው። መጀመሪያ በኢኤክስቲ4ና በኤፍ2ኤፍኤስ ጀመረ፣ በኋላ ቢቲአርኤፍኤስ ተጨመረ።

አሠራሩ ደስ ይላል፣ ታገሱኝና በቁጥር ላሳያችሁ። 1 ጊጋባይት ፋይል ውሰዱ። በ4,096 ባይት ብሎክ ሲከፋፈል 262,144 ብሎክ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሻ-256 ሲሠራ ውጤቱ (ሃሽ ይባላል) 32 ባይት ነው። አንድ ብሎክ 128 ሃሽ ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው የሃሽ ደረጃ 2,048 ብሎክ ነው። እነዚያም ራሳቸው ሃሽ ይደረጋሉ፣ 16 ብሎክ ይሆናሉ። እነሱም ሃሽ ይደረጋሉ፣ 1 ብሎክ ይቀራል። የዚያ ብሎክ ሃሽ የዛፉ ሥር ነው። ሙሉው ዛፍ 8 ሜጋባይት ብቻ ወሰደ። ይህን ዛፍ ያሰበው ራልፍ መርክል ነው፣ በ1979፣ ስሙም በሱ ተጠርቷል።

ትርፉ ምንድን ነው? ከፋይሉ መሃል አንድ ብሎክ ብቻ ለማንበብ ሙሉውን ጊጋባይት ማስላት አያስፈልግም። ያን ብሎክና ከሱ እስከ ሥሩ ያሉትን ሦስት የሃሽ ብሎኮች ማየት ይበቃል። አንዴ የታዩት የሃሽ ብሎኮች ደግሞ ሜሞሪ ላይ ስለሚቆዩ ቀጣዩ ንባብ ይፈጥናል። የሰኞ_ገበያ የሻ ዝርዝር ግን አንዲት ደቂቃ ድምፅ ለማረጋገጥ እንኳ ሙሉውን ፋይል ያነባል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኤፍኤስ-ቬሪቲ የበራበት ፋይል ከዚያ በኋላ ይዘቱ አይቀየርም፤ ማጥፋትና ስሙን መቀየር ግን ይቻላል። ለማህደር ይህ ጥሩ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ፋይሉን አጥፍቶ በዚያው ስም ሌላ ቢያስቀምጥ ኤፍኤስ-ቬሪቲ ብቻውን አይጮህም። የሥሩን ሃሽ ሌላ ቦታ መዝግበህ ማመሳከር አለብህ፣ ወይም በዲጂታል ፊርማ መፈረም።

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፣ ሰው ስለሚያምታታው። ቢቲአርኤፍኤስ ሳይነገረው የሚጠቀመው ቼክሰም ሲአርሲ32ሲ ነው። 4 ባይት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለአጋጣሚ ብልሽት በቂ ነው። ሆን ብሎ የሚቀይር ሰውን ግን አይከለክልም፤ በዚያው ኮምፒውተር በኩል የጻፈ ሰው አዲስ ቼክሰም አብሮ ይጻፍለታል። ከሊኑክስ 5.5 ጀምሮ ቢቲአርኤፍኤስን ስትፈጥር ሻ-256 መምረጥ ትችላለህ። እሱም ቢሆን ያለ ቁልፍ ስለሆነ ከተንኮለኛ አያድንም። ከተንኮል የሚያድነው ከማሽኑ ውጭ ያለ ነገር ነው፦ ፊርማ፣ ወይም ሌላ ሰው እጅ ያለ ዝርዝር።

የካሴት_ሳጥን፣ ያንተ ጠላት እርጅናና አጋጣሚ ነው። ስለዚህ ምክሬ ሁለቱን ዲስኮች በቢቲአርኤፍኤስ ሬይድ 1 ማድረግ ነው፣ ይዘቱንም ሜታዳታውንም። ሬይድ 5ና 6ን በቢቲአርኤፍኤስ አትንካ፣ መብራት ሲጠፋ የሚፈጠር የታወቀ ክፍተት አለባቸው። ኮፒ-ኦን-ራይትን (በአሮጌው ላይ ሳይሆን አዲስ ቦታ ላይ መጻፍን) የሚያጠፋውን ምርጫም ለማህደሩ ፎልደር አትጠቀም። እሱ ሲጠፋ ቼክሰሙም አብሮ ይጠፋል፣ ማንም አይነግርህም። ሰዎች ለዳታቤዝና ለቨርቹዋል ማሽን ብለው ያጠፉትና ከዚያ ይረሱታል።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)

ዊንዶውስ ላይ ያለን ሰዎችስ? የኔ ደንበኞች ኡቡንቱ አያውቁም።

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

ኤንቲኤፍኤስ ለይዘት ቼክሰም የለውም። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጋር የመጣው ሪኤፍኤስ ለሜታዳታ ሁልጊዜ ይይዛል። ለይዘት ግን ካላበራኸው አይሠራም። ለተራ ተጠቃሚ ያንተው የሻ ዝርዝርና ፓር2 ይሻላሉ።

የፍላሹን ነገር ግን አንተ ታውቀዋለህ። ፍላሽ ላይ የሚገኙት ፋይል ሲስተሞች፣ ፋት32ም ሆነ ኤክስፋት፣ የፋይሉን ይዘት በቼክሰም አይጠብቁም። ፋይሉ ከቢቲአርኤፍኤስ ወጥቶ ፍላሽ ላይ ሲያርፍ ጥበቃው እዚያው ቀርቷል። ለሰው በፍላሽ ስትሰጡ የሻ ዝርዝሩን አብራችሁ ስጡ።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)

እውነትሽን ነው። ላዩ ላይ ትልቅ መጠን ተጽፎበት ውስጡ ትንሽ የሆነ ፍላሽ ገበያው ውስጥ አለ። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 አለ። ሙሉ ፍላሹን ጽፎ መልሶ ያነባል፣ ውሸቱ ወዲያው ይወጣል። እኔ ሳልፈትሽ አልሸጥም። ማንም ሰው ሲገዛ እዚያው ቆሞ «ፈትሽልኝ» ይበል፣ አያፍርም።

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

አንድ የቀረ አለ፣ ለድምፅ ሰው በጣም የሚጠቅም። ፋይሎችህ ዋቭ ከሆኑ ወደ ፍላክ ቀይራቸው። ድምፁ ምንም አይቀንስም፣ ቦታ ይቆጥባል። ከሁሉ በላይ ፍላክ የዋናውን ድምፅ ኤምዲ5 ቼክሰም በፋይሉ ራስጌ ውስጥ ይዞ ይዞራል፣ በየፍሬሙም ሲአርሲ አለው። መፈተሻ ትእዛዙ ፋይሉን ፈትቶ ራሱን በራሱ ያመሳክራል። ፍላሽ ላይ ቢሆን፣ ኢሜይል ቢደረግ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለ ዘመድ ጋ ቢደርስ ማረጋገጫው አብሮት ነው። ግን ራሙ ከተፈተሸ በኋላ ነው መቀየር ያለብህ።

የካሴት_ሳጥን (ደሴ)

ውጤቱን ይዤ መጣሁ። ሜምቴስቱ ገና ብዙ ሳይሄድ ቀይ ሞላው። ከሁለቱ ራሞች አንዷ ናት። አውጥቻት በቀረችው ብቻ ደግሜ አስኬድኩ፣ እስከ ጠዋት ንጹህ ነው። ቁጥር 199 በሁለቱም ዲስክ ዜሮ ነው።

ዝርዝሮቹን አወዳደርኩ። የሚለያዩት ጥቂት ናቸው። ጋሼ እንዳሉት ድንገት የሚጀምረውንና ድንገት የሚቆመውን ፈለግኩ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ለሁሉም አንዱ ዲስክ ላይ ንጹህ ቅጂ አለ። አሁን ትርፍ ዲስክ ተውሼ ንጹሆቹን እዚያ አስቀምጬ ሁለቱን በቢቲአርኤፍኤስ ልሠራ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ስክራብ በየስንት ጊዜ ላድርግ? መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

ማሻ አላህ! በጣም ደስ አለኝ። በወር አንዴ ይበቃል። አስፈላጊ የሚሆነው ሰው የማይከፍታቸው ፋይሎች ስላሉ ነው፤ የንባብ ቁጥጥሩ የሚሠራው ሲነበቡ ብቻ ነው፣ ስክራብ ደግሞ ሁሉንም ያነባል። መብራት ቢጠፋ አትጨነቅ። እንደገና ሲነሳ ካቆመበት የሚያስቀጥል ትእዛዝ አለው። ሲጨርስ የተስተካከሉና ያልተስተካከሉ ስህተቶችን ለየብቻ ቆጥሮ ያሳይሃል። ያልተስተካከለ ከዜሮ በላይ ከሆነ የፋይሉን ስም ከከርነሉ መዝገብ ታገኛለህ።

ሬይድ 1 ግን ባክአፕ አይደለም። በስህተት ፋይል ብታጠፋ ከሁለቱም ይጠፋል። ሦስተኛ ቅጂ ኮምቦልቻ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ዲስክ አለኝ። የፍላኮቹን የሻ ዝርዝር በዲስኩ አትላከው፣ ለብቻው በቴሌግራም ላክልኝ። ዲስኩ ሲደርሰኝ አመሳክሬ እነግርሃለሁ።

የካሴት_ሳጥን (ደሴ)

እሺ እህቴ። ዲስኩን በቅዳሜው ሚኒባስ ለሚመጣ ዘመድ እሰጠዋለሁ፣ ዝርዝሩን ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ።